ጭስ መውጫ ሲያጣ

«ጭስ መውጫ አያጣም» ብሎ የተረተው ሰው ገፈርሳ ላይ ቤት አልሠራም። ሠርቶም ከሆነ እንደ እኔ ሳሎኑ ውስጥ ፋየር ፕሌስ አላስገነባም።

የነገሩ መነሻ ብርድ ነው። ገፈርሳ በኦሮምኛ ጎሽ ማለት ነው። ጎሾቹ መቼ ጥለው እንደሄዱ የነገረኝ ጎረቤት የለም፤ ለምን እንደሄዱ ግን የመጀመሪያው ኅዳር ራሱ አስረዳኝ። ከባሕር ወለል በላይ 2600 ሜትር ገደማ ላይ፣ ያውም አዲስ አበባን ከሚያጠጡት ግድቦች የአንዱ ጎረቤት ሆኖ መኖር ሌሊቱን ከውሃ ጋር አንድ ብርድ ልብስ እንደ መሻማት ነው። ጠዋት በሩን ስከፍት ጉሙ እንደ ቤተ ዘመድ ሳይጠራ ይገባል። አድራሻችን በየጊዜው ተለዋውጧል፤ ቡራዩ ስንባል ቆይተን አሁን በሸገር ከተማ የገፈርሳ ጉጄ ክፍለ ከተማ ሰዎች ሆነናል። ብርዱ ግን መታወቂያ አልቀየረም።

ቤቱ ሲሠራ ይህን ብርድ ያየ ግንበኛ፣ «ጋሼ፣ ፋየር ፕሌስ የሌለው ሳሎን ሚዜ እንደሌለው ሙሽራ ነው» አለኝ። እኔም ሚዜውን አስገነባሁ። ድንጋይ ተለበጠ፣ ዕብነ በረድ ተነጠፈ፣ ከቤቱ ውጫዊ ግድግዳ ጋር ተለጥፎ ከጣሪያው በላይ አንገቱን ያሰገገ የብሎኬት ጭስ ማውጫ ቆመ። ከዚያ በኋላ እንደ ማንኛውም ባለ ፋየር ፕሌስ ኢትዮጵያዊ አላነደድኩበትም። በየሰው ቤት እንዳየሁት ከሆነ የፋየር ፕሌስ ዋና ሥራ ማሞቅ አይደለም። አንዱ ቤት የላስቲክ አበባ ተቀምጦበታል፤ ሌላው ቤት የቴሌቪዥኑ ስታብላይዘር ገብቶበታል፤ አንድ ወዳጄ ቤት ደግሞ የእንግዳ ጫማ ይደረደርበታል። እኛም ሦስት ዓመት ሙሉ የላስቲክ አበባ አሞቅንበት።

አንድ ኅዳር መብራት ለአራት ቀን ሲጠፋ አበባው ተነሳና እሳት ገባ። በዚህ ጊዜ እናቴ ከጎጃም መጥታ እኛ ጋ ነበረች። ጋቢዋን ተከናንባ ሁኔታውን ስትከታተል ቆየችና እንዲህ አለችኝ፦

«ልጄ፣ ይሄ ቀዳዳ የት ነው የሚደርሰው?»

«ሰማይ።»

«ታዲያ ማገዶ እየገዛህ የምታሞቀው ሰማዩን ነው?»

ሳቅኩ እንጂ እማዬ ትክክል ነበረች። ክፍት ፋየር ፕሌስ አብዛኛውን ሙቀቱን ከጭሱ ጋር ወደ ላይ ይሸኛል። እሷ ያደገችበት የሣር ቤት ጭስ ማውጫ አልነበረውም። ምድጃው መሃል ነው፤ ጭሱ እንደ ሰው ተቀምጦ፣ ተጫውቶ፣ በክዳኑ ሣር መሃል እየተጣራ ቀስ ብሎ ይወጣል። ሲወጣም ባዶ እጁን አይሄድም። ጣሪያውን በጥቀርሻ አጥቁሮ ከምስጥ ይጠብቃል፤ ከምድጃው በላይ የተሰቀለውን የዘር በቆሎ ከነቀዝ ያድናል።

በእርግጥ በእኛ ዘንድ ጭስ ሙሉ ለሙሉ ጠላት ሆኖ አያውቅም። የወተት ዕቃ በወይራ ይታጠናል፤ የጠላ ጋን በግራዋ ታጥቦ እንደዚያው ይታጠናል፤ ሙሽራ በወይባ ትታጠናለች፤ ቤት በዕጣን ይታጠናል። ከተማ ሳይቀር ይታጠናል። በ1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ካራቆተ ወዲህ፣ ኅዳር 12 ቀን ሚካኤል ሲውል ሰው ሁሉ ቆሻሻውን ደጁ ላይ ሰብስቦ ያቃጥላል። «ኅዳር ሲታጠን» እንላለን።

የእኔም ጉድ የወጣው በዚያው ቀን ነው። ማንደድ ከጀመርን ሁለት ዓመት አልፎ ነበር። ጭሱ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ወደ ላይ መሄዱን እየተጠራጠረ፣ ግማሽ መንገድ ሄዶ እየተመለሰ፣ ሳሎኑን ማየት ጀምሯል። ለሚካኤል እንግዳ ጠርተን፣ እሳቱን አድምቄ፣ ወንበር አስጠግቼ ሳበቃ ጭሱ ጨርሶ ሐሳቡን ቀየረ። አንድም ሳይቀር ወደ ቤት ገባ። እንግዶቹ አለቀሱ፤ ዶሮ ወጡ ያለ ወይራ ታጠነ። ዘግየት ብሎ የደረሰ አንድ ወዳጄ በሩ ላይ ቆሞ እጁን በዓይኑ ላይ እያራገበ፣ «ጎሽ! ሰው ሁሉ ደጁን ሲያጥን እናንተ ከውስጥ ጀመራችሁ» አለ።

እንግዳ ከተሸኘ በኋላ ባለቤቴ የተናገረችው ግን ከጭሱ የባሰ ዓይኔን ለበለበኝ። «ጓዳው ሲጨስ የኖረ ነው። ችግር የሆነው ሳሎን ሲገባ ነው አይደል?» አለች። መልስ አልነበረኝም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ይገምታል፤ ከምድጃው አጠገብ የሚውለው ማን እንደሆነ ደግሞ ለመገመት ድርጅት አያስፈልግም። እማዬ እንኳ «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» እያለች ስትከራከር ኖራ በስተርጅና እንጀራዋን የምትጋግረው በምርጥ ምድጃ ነው። ይህ የሲሚንቶ ምድጃ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ወጡን ባያጣፍጥም ዓይኗን አሳርፎላታል። እኔ ግን ለጓዳው ሳላስብ ለሳሎኑ እንግዳ ጉሮሮ የገነባሁ ሰው ነኝ። ያም ጉሮሮ ታንቋል።

ስለዚህ ጠራጊ ፍለጋ ወጣሁ። ችግሩ የሙያው ስም ነው። በአማርኛ የጥጥ ፈታይ፣ የቆዳ ፋቂ፣ የሰዓት አዳሽ፣ የምጣድ አሟሽ ስም አለን። ጭስ ማውጫ ስላልነበረን ግን የሚጠርገው ሰው ስም አልወጣለትም። በመጀመሪያ የደወልኩት ለደላላ ነው፤ ደላላ የማያገኘው ነገር የለምና።

«ጭስ ማውጫ ጠራጊ እፈልጋለሁ።»

«ጫማ ጠራጊ? ቤት ድረስ?»

ቧንቧ ሠራተኛ ጠራሁ። ጎንበስ ብሎ አየና «ውሃ ካልሄደበት የኔ አይደለም» አለ። ቆርቆሮ የሚመታ ጠራሁ። አንጋጦ አየና «እስከ ጣሪያው የኔ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው የአየር መንገድ ነው» አለ። ጨንቆኝ የሽንት ቤት መጣጭ መኪና ላለው ሰው ደወልኩ።

«ስንት ሜትር ኩብ ይሆናል?»

«ፈሳሽ አይደለም። ጥቁር ነገር ነው።»

«ጋሼ፣ ይሄ ሥራ ውስጥ ነጭ ነገር አጋጥሞኝ አያውቅም» ብሎ ዘጋው።

ማታ ፍራንክፈርት ለሚኖረው ያክስቴ ልጅ ነገርኩት። ደስታው ሌላ ነው። በጀርመን ሾርንሽታይንፌገር የሚባል የጭስ ማውጫ ጠራጊ አለ፤ ጥቁር ለብሶ፣ አንዳንዱም ረዥም ጥቁር ባርኔጣ ደፍቶ፣ በሕግ በተወሰነ ጊዜ ቤትህ ይመጣል። አልጠራሁህም ብትለው አይሰማህም፤ መጥረግና ማስመርመር ግዴታ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 2013 ድረስ ጠራጊህን መምረጥ እንኳ አትችልም ነበር፤ ለየአካባቢው አንድ ተመድቦለታል። ደግሞም ገድ ነው ይላሉ። መንገድ ላይ ያገኘው ሰው የኮቱን ቁልፍ ነካ አድርጎ ዕድል ይመኛል።

«ጥላሸት የነካው ሰው ገድ ነው?» አለች እማዬ ስልኩን እየሰማች። «እዚህ ጥላሸት የተቀባ ሰውማ ፍርድ ቤት ነው የሚሄደው።»

የሙያው ታሪክ ግን እንደ ባርኔጣው ያማረ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ጠባብ ጉሮሮዎችን ይጠርጉ የነበሩት ትናንሽ ልጆች ናቸው፤ ገና በስድስትና በሰባት ዓመታቸው በክርናቸውና በጉልበታቸው እየቧጠጡ ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1775 ፐርሲቫል ፖት የተባለ የለንደን ሐኪም፣ ጠራጊዎቹን በወንድነታቸው ቆዳ ላይ እየወጣ የሚገድላቸው ካንሰር ከጥላሸቱ የመጣ መሆኑን ጻፈ። ካንሰር ከሥራ ጋር ሲያያዝ ይህ የመጀመሪያው ነው። ሕጉ ግን አልቸኮለም። ጆርጅ ብሩስተር የተባለ ልጅ ጭስ ማውጫ ውስጥ ተቀርቅሮ ከሞተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1875፣ ልጅ ወደ ላይ መስደድን የምር የሚያስቆም ሕግ ወጣ። ከሐኪሙ ብዕር እስከ ሕጉ ማኅተም ልክ 100 ዓመት። ለካ የቢሮ ቀጠሮ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም።

ልጅ መስደድ ከቀረ ምን ይሰደዳል? የአውሮፓ ገጠሬ ዝይ እግሯን አስሮ በጭስ ማውጫው ይለቃት ነበር ይባላል፤ ክንፏን ስታራግብ ግድግዳው ይጠረጋል። ይህን ጮክ ብዬ በማንበቤ ተጸጸትኩ። ልጄ ወዲያው ዓይኑን ለገና ወደተገዛው ዶሮ መለሰ። እማዬም ዶሮውን ወደ ጓዳ ይዛ ገባችና በሩን ቆለፈች። ጎረቤቶችም የየራሳቸውን አዋጡ፦ ጨው እሳቱ ላይ በትን፣ የድንች ልጣጭ አንድድ፣ ጠበል እርጭ። ሦስቱንም ሞከርኩ። ሳሎኑ ጭስ ጭስ ከማለት አልፎ ጥብስ ጥብስ ማለት ጀመረ።

መፍትሔው የተገኘው ዳቦ ስገዛ ነው። ሰፈራችን ውስጥ በእንጨት የሚጋግር ዳቦ ቤት አለ፤ ባለቤቱን ሰፈሩ ሁሉ «አባባ» ነው የሚላቸው። በእንጨት የሚጋግር ሰው ጭስ ማውጫ አለው፤ ጭስ ማውጫ ያለው ሰው ደግሞ ወይ ይጠርጋል ወይ ይከስራል። ይህን ለማሰብ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ቀድሞውንም ለማየት የሚያስችል ዓይን አልነበረኝም፤ በጭስ ውስጥ ነበርኩ።

አባባ መጡ። ባርኔጣም ኮትም የላቸውም፤ ዱቄት የነካው ጋወን እንደለበሱ ተንበርክከው በስልካቸው መብራት ወደ ላይ አዩ። ከዚያ የበራቸውን ቁልፍ አወጡና ግድግዳውን ፋቁ። ቁልፉ ላይ የቀረውን ጥቁር ነገር አሸተቱት።

«ይሄ ጥላሸት አይደለም» አሉ። «ዝፍት ነው። እንጨቱን መቼ ነው የገዛኸው?»

«ቅዳሜ።»

«ያነደድከውስ?»

«ቅዳሜ።»

«ልጄ፣ አንተ እሳት አላነደድክም። ውሃ ነው የቀቀልከው።»

ቀጥለው ያስረዱኝ ነገር ከብዙ መምህር አልሰማሁትም። ገና የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። እሳቱ እንጨቱን ከማንደዱ በፊት ያን ውሃ ማፍላት አለበትና ጉልበቱን እዚያው ይጨርሳል። ጭሱም ሳይሞቅ፣ ሳይነድ የቀረውን ቅባትና እንፋሎት እንደተሸከመ ይወጣል። የእኔ ጭስ ማውጫ ደግሞ በውጭ ግድግዳ ላይ ስለተለጠፈ የገፈርሳ ብርድ ጀርባውን ሲደበድበው ያድራል። ደካማ ጭስ ከቀዝቃዛ ግድግዳ ጋር ሲገናኝ እንደ መስታወት ላይ ላብ ይንጠባጠባል፤ የሚንጠባጠበው ግን ውሃ ብቻ ሳይሆን ዝፍት ነው። መጀመሪያ እንደ ዱቄት ይሆናል፤ ያኔ በብሩሽ ይለቃል። ቀጥሎ እንደ ቅርፊት ይሆናል፤ ያኔ ይፋቃል። መጨረሻ ላይ እንደ ጥቁር ብርጭቆ ይደርቃል፤ ያኔ ግድግዳውን አልለቅም ብሎ ከሰው ጋር ይጣላል። የሚያስፈራው እሱ ራሱ ማገዶ መሆኑ ነው። አንድ ቀን እሳቱ ጠንከር ካለ ጉሮሮው ውስጥ ተያይዞ ቤቱን በአናቱ ያነደዋል።

«ጥላሸት ማለት ሳይነድ ያመለጠ እንጨት ነው» አሉ አባባ። «ያላስነደድከውን ነው የምትጠርገው።»

ቅዳሜ የገዛሁት እንጨት ባሕር ዛፍ ነበርና እዚህ ላይ ስሙን ማንሳቴ አይቀርም። በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣው ይህ ዛፍ ባይደርስ ኖሮ አዲስ አበባ ዛሬ አዲስ አበባ አትሆንም ነበር። በዙሪያዋ ያለው ደን ለማገዶና ለቤት ተቆርጦ ሲያልቅ ንጉሠ ነገሥቱ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ጀምረው ነበር፤ ቤተ መንግሥት እንዲሆን የታሰበው ግንብም በኋላ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆኗል። የአዲስ ዓለም መንገድ በእኛው በገፈርሳ በኩል ነው የሚያልፈው። ባሕር ዛፍ ባይፈጥን የመንግሥቱ ጓዝ ሁሉ በደጄ ሲያልፍ ይታየኝ ነበር ማለት ነው። ዛፉ ግን ፈጠነ፤ ከተማዋም ባለችበት ቀረች። እኛም ከዛፉ ፍጥነቱን ብቻ ተማርን። ቅዳሜ ይቆረጣል፣ ቅዳሜ ይሸጣል፣ ቅዳሜ ይነዳል፣ ቅዳሜ እናለቅሳለን።

ጽዳቱ እሁድ ሆነ። የአባባ ሠራተኛ ሁለት ነገር ይዞ ጣሪያ ላይ ወጣ፦ ከአሮጌ የብረት ገመድ ጫፉ ተፈትቶ የተሠራ ብሩሽ፣ ደግሞም በጆንያ የተጠቀለለ ሰንሰለት። ሰንሰለቱ በገመድ ታስሮ ይወርዳል፣ ግድግዳውን ይመታል፣ ይወጣል። ከታች የምድጃው አፍ በእርጥብ ጨርቅ መጋረድ አለበት። አባባ «አሮጌ ጨርቅ አምጣ» አሉኝ፤ እኔም ቁም ሣጥን ውስጥ ከታች ተጣጥፎ ያገኘሁትን አመጣሁ። የሠርጋችን ጋቢ መሆኑን ያወቅሁት ባለቤቴ ከቅዳሴ ስትመለስ ነው፤ ያን ታሪክ እዚህ አላነሳም።

ሰንሰለቱ ሲወርድ ቤቱ እንደ ወህኒ ቤት ተንኳኳ። ከውስጥ ጥቁር ቅርፊት እንደ በረዶ ዘነበ። ለትንሽ ጊዜ ጸጥ ሲል እንዴት ሆነ ብዬ ጋቢውን ገለጥ አድርጌ አንገቴን አስገባሁና ወደ ላይ አንጋጠጥኩ። ልክ በዚያች ቅጽበት ከላይ «ተጠንቀቁ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ድምፁና ጥላሸቱ አብረው ደረሱ።

ፊቴን ልታጠብ ወደ ደጅ ስወጣ የጎረቤት ሕፃን አየኝና እየጮኸ እናቱ ቀሚስ ውስጥ ገባ። አጥር ላይ የቆሙት ወዳጆቼ ግን አልጮኹም። አንደኛው ረጋ ብሎ፣ «ማን ነው ስምህን ያጠፋው?» አለኝ። ያክስቴን ልጅ አስታውሼ የኮቴን ቁልፍ እንዲነካ ጋበዝኩት። እምቢ አለ።

ማታ ላይ የተሰበሰበው ተመዘነ፤ አንድ ጆንያ ሞላ። የት እንጣለው ስንባባል እማዬ ከተቀመጠችበት ተነሳች። አባቷ ጸሐፊ ነበሩ፤ ብራና ፍቀው፣ መቃ ቀርጸው ዳዊት የሚጽፉ። የልጅነቷ ሥራ ከምጣድና ከድስት ቂጥ ላይ ጥላሸት እየፋቀች ለአባቷ ማጠራቀም ነበር። ጥላሸቱ ከተቆላና ከተወቀጠ እህል፣ ከቅጠልም ጋር በውሃ ተበጥብጦ ወራት ሙሉ እየተማሰለ ይቆያል፤ ሲበስል ጥቁር ቀለም ይሆናል። ቅዱሳት ስሞች በቀይ ይጻፋሉ፤ የቀረው ዳዊት በሙሉ የድስት ቂጥ ነው።

«ቆይ፣ አትጣለው» አለች። «ይሄ ሁሉ እኮ ስንት ዳዊት ይወጣው ነበር!»

እጇን ጆንያው ውስጥ አስገባች። በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ አሸችው፤ አሸተተችው፤ እንደገና አሸችው። ከዚያ ጣቷን በሶፍት እየጠረገች ተመልሳ ተቀመጠች።

«አይሆንም። ቅባት አለው። ብራና ላይ አይረጋም።»

አባባ ጣሪያውን አንድ ጊዜ ቀና ብለው አዩና ምንም አላሉም። እንጨቱ ለእሳት አልሆነ፣ ጭሱ ለሰማይ አልሆነ፣ ጥላሸቱም ለቀለም አልሆነ።

በጥር ወር እንጨት ገዛሁ። አስፈለጥኩት፤ ዝናብ እንዳያገኘው በቆርቆሮ ከለልኩት፤ ነፋስ እንዲገባው ግን በመሃል በመሃሉ ክፍተት እየተውኩ ከአጥሩ ጋር ደረደርኩት። አባባ እንዳዘዙኝ አልነካሁትም። ሚያዝያ አለፈ፤ ክረምቱ መጥቶ ደበደበው፣ ሄደ። ሰፈሩ የማገዶ ንግድ የጀመርኩ መስሎት በር እያንኳኳ ዋጋ ይጠይቀኝ ነበር። «አይሸጥም፣ እየጠበቅኩት ነው» ስላቸው በሐዘኔታ እያዩኝ ይሄዳሉ።

ኅዳር ሲገባ ሁለት ፍልጥ አንስቼ አጋጨሁ። እንደ ቀድሞው ዱብ አላለም፤ እንደ ጸናጽል ጠራ። ለሚካኤል አነደድኩት። ጭሱ አንዴም ወደኋላ ሳያይ ወጣ፤ እንግዶቹ ያለቀሱት በሽንኩርት ብቻ ነው። በማግሥቱ አመዱ ሲቀዘቅዝ ከጉሮሮው አፍ ላይ በማንኪያ ትንሽ ጠርጌ፣ እንደ ዱቄት የላመ ጥቁር ነገር በሲኒ ማስቀመጫ ይዤ ለእማዬ ወሰድኩላት።

በሁለት ጣቷ አሸችው። ረጅም ጊዜ አሸችው። ምንም ሳትለኝ ተነስታ ጓዳ ገባችና መድኃኒት የነበረበትን ባዶ ብልቃጥ አጥባ፣ አድርቃ፣ ክዳኑን በጥርሷ ይዛ መጣች።